አራት ኪሎ ምን?

ሚኒባሱ ሜክሲኮ አደባባይ ቆሟል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ከሰልፉ መሐል ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ የተጣጠፈ ጋዜጣ በብብታቸው የያዙ አንድ አዛውንት ቀረብ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አራት ኪሎ ምን?» ይሉታል።

«አራት ኪሎ ነዋ፣ ፋዘር!»

«ገብቶኛል ልጄ። ግን አራት ኪሎ ምን? ኪሎ ግራም ነው? ኪሎ ሜትር? ኪሎ ዋት?»

ረዳቱ በዚህ መስመር ላይ ሰካራምም፣ ሰባኪም፣ ሒሳብ አልከፍልም ባይም አይቷል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞት አያውቅም። «ፋዘር፣ ወይ ይግቡ ወይ መንገድ ይልቀቁ!» አላቸው። ገቡ። ገብተውም አላረፉም፤ አጠገባቸው ለተቀመጠች ተማሪ ኪሎ ከግሪክ የመጣ ቃል እንደሆነ፣ ፍቺውም ሺህ እንደሆነ፣ ብቻውን ሲቆም ደግሞ ምንም እንደማይለካ እስከ መውረጃዋ ድረስ አስረዷት። ልጅቷ ከመውረጃዋ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወረደች።

ነገሩን ላጤነው ግን ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። «አራት ኪሎ» ቃል በቃል ሲፈታ «አራት ሺህ» ነው፤ የምን አራት ሺህ እንደሆነ አልተነገረም። ከተማዋም ይህን ጎዶሎ መለኪያ ለተራ ቦታ አላዋለችውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ትምህርት አራት ኪሎ ነው፣ ቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ፣ ቋንቋና ሥነ ጽሑፉ ስድስት ኪሎ። ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂንና ቋንቋን በአንድ መንገድ ላይ ደርድራ ለሦስቱም ያላለቀ አድራሻ የሰጠች ከተማ ናት። አሃዱን ሳይጽፍ የቀረ ተማሪ ነጥብ የሚቀነስበት ግቢ፣ ራሱ አሃዱን ሳይጽፍ ቆሟል።

አዛውንቱ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ጠመኔ የጨበጡበት ዘመን ከሠላሳ ዓመት ይበልጣል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ መልሱን አግኝቶ አሃዱን የረሳ ተማሪ ከእጃቸው አምልጦ አያውቅም። «አምስት» ብሎ ለጻፈ ልጅ በቀይ «አምስት ምን? ሙዝ?» ብለው ይመልሱለት ነበር። አሁን ሰፈር ውስጥ ስማቸውን የሚጠራ ጥቂት ነው። «ጋሼ መጡ» ከተባለ ወሬው ሁሉ ቀጥ ይላል፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ ነጠላ እንደሚስተካከል፣ እሳቸው ሲመጡ ቃል ይስተካከላል።

ጡረታ ሲወጡ ቀይ እስክሪብቶው አብሯቸው አልወጣም። ጋዜጣ እያነበቡ ያሰምሩበታል፣ ሬዲዮ እየሰሙ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ከዚያ ባለ መስመር ወረቀት ያወጡና «ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ» ብለው ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ የአየሩ ሁኔታ ሲነገር «ሙቀቱ ከትናንቱ በእጥፍ ጨምሯል» ተባለ፤ ትናንት 10 ዲግሪ የነበረው 20 ስለገባ ነው። መምህሩ ያን ምሽት ራት ቀዘቀዘባቸው። ዜሮ ዲግሪ ሙቀት ተሟጦ ያለቀበት ቦታ አይደለም፣ ውሃ የሚረጋበት ነው፤ እውነተኛው ባዶ ከዚያ 273 ዲግሪ ወርዶ ነው የሚገኘው፤ ከዚያ ተነስቶ ለሚቆጥር ሰው ከ283 ወደ 293 መድረስ ሦስት ተኩል በመቶ ያህል ጭማሪ ነው እንጂ እጥፍ አይደለም ብለው ሁለት ገጽ ጻፉ። እግረ መንገዳቸውንም «ሴንቲግሬድ» የሚባለው ስም እ.ኤ.አ. በ1948 «ሴልሺየስ» ተብሎ መቀየሩን፣ ወሬው ግን ለዜና አንባቢዎቻችን ገና እንዳልደረሰ ጠቆም አደረጉ። ደብዳቤው አልወጣም። በማግስቱ «21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ተባለ።

የሚጽፉት ሁሉ እውነት ነው። የሚያስቸግሩትም ለዚሁ ነው፤ ቢሳሳቱማ ሰው በተገላገለ።

ለፋሲካ ሥጋ ቤት ሄደው «አንድ ኪሎ ክብደት» ያለውን ደንበኛ አረሙት። ክብደት ጉልበት ነው፣ የሚለካውም በኒውተን ነው፤ ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው የፈለገው ወደ አሥር ኒውተን የሚጠጋ ሥጋ ነው አሉ። ባለ ሥጋው ቢላውን እየሳለ «ጋሼ፣ ኒውተን ጠዋት አልቋል፤ ዳቢትና ሽንጥ ነው ያለን» አላቸው።

እዚህ ላይ ለመምህሩ አንድ ነገር መመስከር ይገባል። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ለምድር ወገብም ቀርባ ስለተቀመጠች መሬት እዚህ ነገርን የምትስበው ፓሪስ ላይ ከምትስበው በሺህ ሦስት ያህል ላላ አድርጋ ነው። ፓሪስ ላይ በሞላ ሚዛን ተመዝኖ 70 ኪሎ የወጣ ሰው ያንኑ ሚዛን ተሸክሞ ቦሌ ቢወርድና ቢመዘን ከ200 ግራም በላይ ቀሎ ይገኛል፤ ሳይጾም፣ ሳይሮጥ። መጠነ ቁሱ ግን ያው ነው፤ ቦርጩም አብሮት መጥቷል። ለነገሩ ፓሪስ የኪሎ እናት ቤት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1889 እስከ 2019 ድረስ የዓለም ኪሎ ግራም ማለት ከፓሪስ ወጣ ብሎ ሴቭር በሚባል ቦታ በመስታወት ክዳን ሥር የምትኖር፣ ቁመቷም ስፋቷም 39 ሚሊ ሜትር የሆነች የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ብረት ነበረች። በ2019 ግን ሹመቷ ተገፎ ኪሎው በፕላንክ ቋሚ ቁጥር ተተረጎመ። ባለ ሥጋው ይህ ሁሉ ሹም ሽር ሲካሄድ ባንኮኒው ላይ ያለችውን የሚዛን ድንጋይ አልቀየረም፤ አንድም ደንበኛ አልሸሸውም። በሁለት ሳሕን ሚዛን ሲመዘን መሬት ሥጋውንም ድንጋዩንም እኩል ስለምትስብ፣ ሳያውቀው የለካው መጠነ ቁሱን ነው። ኒውተን ቢያልቅበትም ትክክል ነበር።

መምህሩን ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን የውሃው ጉዳይ ነው። በወጣትነታቸው ያስተምሩበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ውሃ ሲፈላ በዓይናቸው እንዲያዩ ብለው ምድጃና ቴርሞ ሜትር ይዘው ክፍል ገቡ። ብርጭቆው ተንተከተከ፣ እንፋሎቱ ወጣ፣ የቴርሞ ሜትሩ ቀይ መስመር ግን 92 ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠበቁት፤ ፍንክች አላለም። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ «ይሄ ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ አመጣ፤ 92። ሦስተኛ መጣ፤ 92። ሠራተኛው ሦስቱንም «የማይሠሩ» የሚል ካርቶን ውስጥ ከተታቸው።

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍ በተባለ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ፣ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ የሚወጣ ካለ 85 ገደማ ነው። ዳሎል አካባቢ ደግሞ ምድሩ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል 100ን ትንሽ አለፍ ይላል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገና ቆላ ወርዶ የማያውቅ ሰው፣ በተራ ድስት በ100 ዲግሪ የፈላ ውሃ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሽምብራው አልበስል ያለውም ሽምብራው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የፈላው ውሃ በቂ ትኩስ ስላልሆነ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ያየችውን ጻፈች፦ 92። ኤክስ ተደረገባት። መምህሩ ሊከራከሩ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሲገቡ መጽሐፉ ተገልጦ ጠበቃቸው። ያዩትን ትተው ያነበቡትን የጻፉት አርባ ምናምን ተማሪዎች ሙሉ ነጥብ አገኙ።

ይቺን ልጅ እስካሁን አልረሷትም። ደብዳቤ መጻፉንም የጀመሩት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ጎረቤቶቻቸው ግን ሌላ ሐሳብ አላቸው፦ ሰው ሲግባባ ምን አገባቸው? እውነትም የአማርኛን የቤት ውስጥ ሳይንስ በመጽሐፍ ለሚያይ ሰው ራስ ያዞራል። ተማሪው ትምህርት ቤት የቁስ ሁኔታ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ነው ተብሎ ይማራል፤ ቤት ሲመጣ እናቱ «ጋዝ ቅዳልኝ፣ እንዳታፈስሰው» ትለዋለች። ነጭ ጋዝ የሚባለው ላምባ ከጥንት ጀምሮ ፈሳሽ ነው፣ አንድም ቀን ጋዝ ሆኖ ሱቅ ተሸጦ አያውቅም። «ጤፉን በማዳበሪያ ሞልተህ አምጣ» ሲባል አገሩን በቅጡ ያልለመደ ሰው ይደነግጣል፤ ማዳበሪያ የተባለው ግን ጆንያው ነው፣ መጀመሪያ የመጣው ማዳበሪያ ይዞ ስለነበር። ባዶው የውሃ ጠርሙስ ሃይላንድ ነው፣ በላዩ የተለጠፈው ስም የቱም ይሁን። ቆራሌው «ሃይላንድ አለ?» ሲል የየትኛው ፋብሪካ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ባትሪ ሲመጣ ግን ሕዝቡ መምህሩን በራሳቸው ሜዳ ረታቸው። አማርኛ ተናጋሪ ባትሪ የሚለው በእጅ የሚያዘውን መብራት ነው፤ ውስጡ የሚገባው ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። መምህሩ ይህን ስህተት ብለው መዝግበውት ነበር። በኋላ ሲያስቡት፣ ቃሉ ከመድፍ ወደ ኤሌክትሪክ የዞረው በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በቤንጃሚን ፍራንክሊን እጅ ነው፤ ፍራንክሊን የተደረደሩ የኤሌክትሪክ ማሰሮዎቹን እንደተደረደሩ መድፎች አይቶ ነው ባትሪ ያላቸው። አንዷ ብቻዋን ባትሪ አይደለችም፤ ስትደረደር ነው። ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ተከታትለው ሲገቡበት 3 ቮልት የሚሰጠው ያ ቆርቆሮ በጥብቅ ሳይንስ ባትሪ ነው፤ ድንጋዮቹም ድንጋይ ቢባሉ ስም ነው። የገጠር ሰው የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣቱም ከንቱ አይደለም፤ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ኬሚካል ትንሽ ነቃ ብሎ ለአንድ የሬዲዮ ዜና የሚሆን ጉልበት ይሰጣል። ጨርሶ ከሞተ በኋላ ደግሞ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት የትምህርት ቤቱን ሰሌዳ ማጥቆሪያ ይሆናል። መምህሩ ዓመታት ሙሉ ፊዚክስ የጻፉት በድንጋይ ዱቄት ላይ ነው።

መብራትም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪክ ወደዚህ አገር በምኒልክ ዘመን ሲገባ ቤተ መንግሥት ያበራ ስለነበር መብራት ተባለ፤ እስከዛሬም መብራት ይመጣል፣ መብራት ይሄዳል፣ የመብራት ይከፈላል። ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ብርሃን አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ አንድ ሰዓት የተጋገረበት ኤሌክትሪክ አንዲት የ10 ዋት አምፖልን ሌት ተቀን ሳትጠፋ 14 ቀን ያበራታል። መምህሩ «የመብራት ሒሳብ በዛ» ብለው ከክፍል ክፍል እየዞሩ አምፖል ሲያጠፉ የሚውሉ ጎረቤታቸውን ወደ ወጥ ቤት ወስደው ምጣዱን አሳዩአቸው። ሴትየዋ «ታዲያ እንጀራ ልተው?» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበራቸውም።

ስልክ የሚለው ቃል ዐረብኛ ነው፤ ሽቦ ማለት ነው። ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር በምኒልክ ጊዜ ሲዘረጋ ስሙ ልክ ነበር፤ ነገሩ ከእንጨት እንጨት የተወጠረ ሽቦ ነው። ዛሬ ሁሉም በኪሱ ሽቦ የሌለው ሽቦ ይዞ ይዞራል፤ ደወል በሌለው ሽቦ «ይደውላል»፤ ካርድ ባልነካ እጁ «ካርድ ይሞላል»። ሚስኮል ደግሞ የራሷ ዓለም ናት። በትውልድ ቋንቋዋ ሳይታሰብ ያመለጠ ጥሪ ነበረች፤ አዲስ አበባ ስትገባ ታስቦበት፣ እንዳይነሳ ተብሎ የሚደወል ሆነች። ተሳስቶ ያነሳ ሰው ይወቀሳል፦ «ለምን አነሳኸው? ሚስኮል ነው እኮ ያደረግሁልህ!» መምህሩ ለዚህ ቃል ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፈው መልሰው ቀደዱት። ቃሏ እንደ ሥራዋ ፍጹም ትክክል ሆና አገኟት።

«ሲስተም የለም» ግን ሌላ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ይህን ሲባሉ ቆመው ቀሩ። «የትኛው ሲስተም ነው፣ ልጄ? ኔትወርኩ ነው? ኮምፒውተሩ? መብራቱ?» ልጅቷ ከስልኳ ቀና ብላ «ሲስተሙ» አለች። መምህሩ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ቀዳዳ ተመለከቱ፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ነበር፣ ካርታ ጨዋታ ተከፍቶበት። ቃሏ ስለ መሣሪያው ምንም አትናገርም። የምትናገረው ስለ ወረፋው ነው፦ አለቀ፣ ነገ ኑ።

የልጃቸው አሮጌ መኪና አልነሳ ስትል ጋራዥ አብረው ሄዱ። መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ጎረጎረና «አራቱም ካንዴላ ይቀየር» አለ። መምህሩ ዝም ሊሉ አልቻሉም። ካንዴላ የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው፤ ከሜትር፣ ከኪሎ ግራም፣ ከሰከንድ ጋር ከሚቆጠሩት ከሰባቱ ዓለም አቀፍ መሠረታዊ አሃዶች አንዱ ነው አሉ።

«ሰባት አትፈጅም ፋዘር» አለ መካኒኩ ከሞተሩ ውስጥ ራሱን ሳያወጣ። «ባለ አራት ናት።»

ጣሊያንኛ ውስጥ ካንዴላ ሻማ ነው፤ ሳይንቲስቶቹም ከላቲኑ፣ መካኒኮቹም ከጣሊያኑ፣ ሁለቱም ከሻማ ነው የወሰዱት። ከጣሊያን ጋር የመጣው የጋራዥ ቋንቋ ዛሬም ሳይሸረፍ አለ፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቺንጊያ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ። ሮም ሄዶ የማያውቅ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣሊያንኛ የማይናገር የመርካቶ ልጅ እነዚህን ቃላት አንዱን ከአንዱ አያምታታም፤ ሮንዴላ አምጣ ተብሎ ዳዶ ያመጣ ሠልጣኝ የሚሰማውን ያውቃል። መምህሩ አንዲት ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጠው አዩ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር እጁን ዘርግቶ «13!» አለ። ልጁ 12 አላቀበለም፣ 14 አላቀበለም፤ 13 ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጠለት። ቡሎኑ ዞረ። «13 ምን?» የሚለው ጥያቄ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጡት። እዚያ ግቢ ውስጥ ከሚሊ ሜትር ሌላ 13 የሚባል ነገር የለም።

ይህ ነገር ውስጣቸው ገባ። አሃድ የሚያስፈልገው ታዲያ መቼ ነው? ብዙም ሳይቆይ የልጅ ልጃቸው መልሱን ቤት ድረስ አመጣችላቸው።

ውጭ አገር ያለ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ቃለ መጠይቅ ሊያደርግላት ቀጠሮ ሰጣት፤ መልእክቱ ላይ የተጻፈው «3:00፣ በአዲስ አበባ ሰዓት» ነው። ልጅቷ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ከወገብ በላይ ኮት ከወገብ በታች ፒጃማ ለብሳ ስክሪኑ ፊት ተሰየመች። ማንም አልመጣም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስትመርጥ ስልኳ ጮኸ።

ጥፋተኛ ፍለጋ ለወጣ ሰው እዚህ ውስጥ ጥፋተኛ የለም። የአማርኛው ሰዓት በጣም ጤናማ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ውስጥ ነው፤ ቀኑ ሲጀምር መቁጠር መጀመር፣ ሰው በተኛበት እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ከመቀየር የበለጠ ስሜት ይሰጣል። የፈረንጁም ሰዓት ለፈረንጁ አይጎድልበትም። ሁለቱ እየብቻቸው ትክክል ናቸው፤ አደጋው «3:00» የምትባል አንዲት ጽሑፍ ሁለቱንም መምሰሏ ነው። በዚያ ላይ አማርኛው የራሱ ወጥመድ አለው። «በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ» ያለ ሰው ሁለት ሰዓት ሲሞላ ነው የሚደርሰው ወይስ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ? አስፋልት ዳር ቆሞ ያልጠበቀ ነው ይህን የማይጠይቅ።

መምህሩ ለልጅቷ ማጽናኛ ብለው የነገሯት የጊምሊ ታሪክ ነው፤ ክፍል ውስጥ ለሠላሳ ዓመት የነገሩት፣ ሲነግሩት ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ የሚቆሙለት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 አንድ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ተነስቶ፣ በኦታዋ በኩል አድርጎ ወደ ኤድመንተን ይጓዝ ነበር። ካናዳ ያን ጊዜ ከፓውንድ ወደ ኪሎ እየተሻገረች ነው። የነዳጁ መለኪያ ተበላሽቶ ስለነበር ሠራተኞቹ በጋኑ ውስጥ ያለውን ሊትር በእጅ ለክተው ወደ ኪሎ ማዞር ነበረባቸው፤ አንድ ሊትር ነዳጅ 0.8 ኪሎ ያህል ነው። እነሱ ያባዙት ግን በ1.77 ነው፤ ይህ የፓውንድ ቁጥር ነው። ወረቀቱ ላይ 22,300 ኪሎ ሞላ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረው ከዚያ ግማሽ አይደርስም። 41,000 ጫማ ላይ፣ ማለት ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሲበር ነዳጁ ነጠፈ፤ ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ ዝም አሉ።

ካፒቴን ሮበርት ፒርሰን ሞተር የሌለው ተንሸራታች አውሮፕላን ማብረር የሚወድ ሰው ነበር፤ ያንን ግዙፍ ቦይንግ እንደ ወረቀት አውሮፕላን እያንሸራተተ ጊምሊ ከተባለ አሮጌ የጦር አየር ማረፊያ አደረሰው። ማኮብኮቢያው ግን የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ቤተሰቦች ድንኳን ተክለው ውለዋል። የፊት እግሩ አልተቆለፈምና በአፍንጫው እየተፋተገ ቆመ። ከ69ኙ ሰዎች አንድም አልሞተም። መምህሩ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ጠመኔያቸውን ያስቀምጡ ነበር፤ ዛሬ በእጃቸው ያለው የሻይ ማንኪያ ነው። በዚያ ቀን ሁሉም ሰው በትክክል ነበር ያባዛው፤ 22,300 ያለውን ወረቀት አይቶ «22,300 ምን?» ያለ ሰው ብቻ ነው የታጣው። ልጅቷ ሽንኩርቱን እየላጠች «አያቴ፣ እኔ ግን ሥራው አመለጠኝ» አለች።

ደብዳቤዎቻቸውን በስልኳ የምትጽፍላቸው እሷው ናት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ አንዱ ስልክ ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት አይበታተንም፤ ከዚያ በፊት በአንድ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የጥይት ፍንጣሪ ይመስል ነበር። አሁን ደግሞ ስልኩ ጮክ ብሎ ማንበብም ጀምሯል። አንድ ቀን ያስጻፉትን አስነበበችላቸው። ደብዳቤው የሚያልቀው «በቃላት ጥንቃቄ ረገድ ገና ብዙ ይቀረናል» በሚል ነበር፤ ስልኩ «ገና»ን አጥብቆ አነበበው፣ የጌታ ልደት ብዙ ይቀረዋል ለማለት ይመስል። ወሩ ደግሞ ታኅሣሥ ነበር። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ «በጉ ይበላል» ሲል በጉ ሣር ይበላል ይሁን ሰው በጉን ይበላል፣ አንባቢው ከወሬው ነው የሚረዳው። ማሽኑ ወሬ አያውቅም። መምህሩ ለዚህ ተቆጥተው ሳይሆን ደስ ብሏቸው ሳቁ፤ ሕይወታቸውን ሙሉ እንደ ስልኩ የሰማቸው ሰው አልነበረምና፣ ቃል በቃል።

በመጨረሻ አንድ ደብዳቤ ወጣላቸው። ርእሱ «በቁጥር አጠቃቀም ላይ ስለሚታይ ግድየለሽነት» ይላል፤ ከእነ ስማቸው፣ ከእነ ሰፈራቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ቆመው አነበቡት። የከፍታውም፣ የአየሩም፣ የቴርሞ ሜትሮቹም ነገር አለ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ ተብሎ ታትሟል፦ «ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ29 ዲግሪ ነው።»

በሳምንቱ የሌላ አንባቢ ምላሽ ወጣ። ጸሐፊው፣ ውሃ በ29 ዲግሪ ይፈላል የሚል ሰው ሠላሳ ዓመት ልጆቻችንን ማስተማሩ እንዳሳዘነው ገልጾ፣ ውሃ በማንኛውም ቦታ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ሕፃን ልጅ ሳይቀር እንደሚያውቅ አስገንዝቧል። ይህኛው ያለ አንድ የፊደል ግድፈት ነው የታተመው።

መምህሩ ያን ቀን ደብዳቤ አልጻፉም። ጋዜጣውን አጣጥፈው ታች ሰፈር ሻይ ቤት ወረዱ። ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ኖሯል። «ጋሼ መጡ!» አለ ከጥግ አንዱ፤ «ውሃው 29 ሞልቷል፣ ሻይ ይቀዳላቸው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የዘወትር ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። አስተናጋጇ ብርጭቆውን አስቀምጣ የስኳሩን ዕቃ ከፈተች።

«ስንት ላድርግልዎት?»

«ሁለት።»

ልጅቷ ማንኪያውን ከፍ አድርጋ ያዘችና ዓይን ዓይናቸውን አየች።

«ሁለት ምን፣ ጋሼ?»